የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቀዶ ሕክምና ቴክኖሎጂስቶች የምስክር ወረቀትና የዕድሳት ትምህርት

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ የተጻፉት በወሎ በሚኖሩ ወይም ከወሎ ወጥተው በውጭ አገር በሚሠሩ ሰዎች ሲሆን፣ የሁሉም ጥያቄ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለሚያጠነጥን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ በአሜሪካ «ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት» የሚባለው ሙያ ነው። ባለሙያው በእኛ ሆስፒታሎች ስክራብ ነርስ የምትሠራውን ሥራ ይሠራል፤ መሣሪያውን ያዘጋጃል፣ ለቀዶ ሐኪሙ ያቀብላል፣ ጎዙንና መርፌውን ይቆጥራል፣ ስቴራይል የሆነው (ከጀርም ፍጹም የጸዳው) ጠረጴዛ እንዳይበከል ይጠብቃል። ልዩነቱ በእኛ አገር ይህ ሥራ የነርሶች መሆኑና በዚያ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት፣ ፈተናና የዕድሳት ሥርዓት ያለው ሙያ መሆኑ ነው። የጠያቂዎቹን ስምና የሥራ ቦታ በጥያቄያቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ «በወልዲያ በሚገኝ ሆስፒታል በኦፕሬሽን ክፍል የምሠራ የዲግሪ ነርስ ነኝ። ላለፉት ዓመታት ስክራብም ራነርም (ከስቴራይሉ ጠረጴዛ ውጭ ሆና ዕቃ የምታቀርበው ነርስ) ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ቄሳሪያን፣ ሄርኒያ፣ አፔንዲክስና የአጥንት ቀዶ ሕክምና በየሳምንቱ ይገጥመናል። ዲቪ ደርሶኝ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ በዝግጅት ላይ ነኝ። በዚያ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ‹ነርስነቱን ተይውና ሰርጂካል ቴክ ሁኚ፤ ፈተናው አጭር ነው፤ ልምድሽ ይበቃሻል› ትለኛለች። በያዝኩት ዲግሪና ልምድ በቀጥታ ለፈተናው መቀመጥ እችላለሁን?»

መልስ፦ እኅታችን፣ በያዙት ዲግሪና ልምድ ብቻ ለፈተናው መቀመጥ አይችሉም። ይህን ስንል ችሎታዎ ያንሳል ማለታችን አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚሠሩትን ሥራ አንድ ተማሪ በዚያ አገር ሲማረው የሚውለው ነው። እንቅፋቱ ያለው ፈተናውን በሚሰጠው አካል ደንብ ላይ ነው። «ሲኤስቲ» የተባለውን የሰርጂካል ቴክኖሎጂስቶች ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ኤንቢኤስቲኤስኤ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ብሔራዊ የቀዶ ሕክምና ቴክኖሎጂና የቀዶ ሕክምና ረዳቶች ቦርድ ሲሆን፣ ቦርዱ በዋናነት ለፈተና የሚቀበለው ሲኤኤኤችኢፒ ወይም ኤቢኤችኢኤስ ከሚባሉት ሁለት የትምህርት ዕውቅና ሰጪ አካላት በአንዱ ዕውቅና ካገኘ ፕሮግራም የተመረቀን ሰው ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ተመሳሳይ ሥልጠና የወሰዱና ቀድሞ ሲኤስቲ የነበሩ ሰዎችም ይቀመጣሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ የነርሲንግ ዲግሪ፣ በውስጡ የቱንም ያህል የኦፕሬሽን ክፍል ልምድ ቢኖርበት፣ ከእነዚህ በአንዱም አይገባም።

እኅትዎ «አጭር» ያሉት ፈተናም ቢሆን አጭርነቱ የሚታየው ከውጭ ነው። በኮምፒውተር የሚሰጡት ጥያቄዎች 175 ሲሆኑ ውጤት የሚያዝባቸው 150ዎቹ ናቸው፤ የቀሩት 25 ለሙከራ የገቡ ናቸው፣ ተፈታኙም የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ጥያቄዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በሂደቱና በኋላ ያለውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የሰውነት ክፍሎችን አሠራር፣ ማይክሮባዮሎጂን፣ መድኃኒትንና ማምከንን ያካትታሉ። ለእርስዎ ከባዱ የሚሆነው ከዕውቀቱ ይልቅ የመሣሪያዎቹ ስም ይመስለናል፤ በእኛ ኦፕሬሽን ክፍሎች አንድ መሣሪያ በሐኪሙ የትምህርት ቤት ልማድ አንዱ ዘንድ በአንድ ስም ሌላው ዘንድ በሌላ ስም ይጠራልና።

ከፈተናው በፊት ያለው ትምህርት እንደ ትምህርት ቤቱ ከ9 ወር እስከ 2 ዓመት ይወስዳል። በውስጡ ዋናው ነገር በሆስፒታል የሚሠራው የቀዶ ሕክምና ብዛት ነው። የሙያው ዋና ሥርዓተ ትምህርት እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ በ120 ቀዶ ሕክምናዎች እንዲሳተፍ ያዛል፤ ከእነዚህ 30ዎቹ በጠቅላላ ቀዶ ሕክምና፣ 90ዎቹ ደግሞ እንደ አጥንት፣ ማኅፀንና ዓይን ባሉ ልዩ ዘርፎች የሚሠሩ ናቸው። ከ30ዎቹ 20፣ ከ90ዎቹ 60 ተማሪው «ፈርስት ስክራብ» ሆኖ የሠራቸው መሆን አለባቸው። ይህ ስያሜ እንዲሁ አይሰጥም፤ ተማሪው የሚያስፈልገውን ዕቃና መሣሪያ ራሱ ማረጋገጥ፣ ስቴራይል ጠረጴዛውን ከነመድኃኒቱና ከነፈሳሹ ማሰናዳት፣ ከራነሯ ጋር ቆጠራውን ማድረግ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ መሣሪያ ማቀበል፣ በጠቅላላው ሂደትም የስቴራይል ሥርዓቱን መጠበቅ ይኖርበታል። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ያ ቀዶ ሕክምና በረዳትነት እንጂ በፈርስት ስክራብነት አይቆጠርለትም፤ ቆሞ ማየት ብቻ ደግሞ ከነጭራሹ ከ120ው ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ምክራችን እንምጣ። የነርስነት ዲግሪዎን ትተው ወደ ቴክኖሎጂስትነት መሄድዎን አንደግፍም። በዚያ አገር ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሬጂስተርድ ነርስ ራነርም ስክራብም ሆና መሥራት ትችላለች፤ ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ግን የራነሯን የነርስነት ኃላፊነት ተክቶ መያዝ አይችልም። የነርሷ ደመወዝም በግልጽ ይበልጣል። ለአራት ዓመት የተማሩትን ትምህርት ትቶ፣ ከሚያውቁት ሥራ ግማሹን ብቻ የሚያሠራ ሌላ ትምህርት እንደገና ከፍሎ መጀመር ለእርስዎ ትርፉ አይታየንም። የነርስነት መንገዱ ኤንክሌክስ-አርኤን የተባለውን ፈተና ማለፍ ሲሆን ወደዚያ ለመድረስ ሰነድ በብዛት ይጠየቃሉ። ስለዚህ ከአገር ሳይወጡ የዩኒቨርሲቲዎን ይፋዊ የውጤት ዝርዝር፣ የየትምህርቱን የሰዓት መጠንና የተግባር ልምምድ የሚገልጽ ማስረጃ ያዘጋጁ፤ ዲግሪዎን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ያረጋግጡ፤ የሙያ ፈቃድዎ የጸና መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም ፈቃዱን ከሰጠዎት አካል ያግኙ። ቨርጂኒያ ከገቡ በኋላ ከወልዲያ ሬጅስትራር ደብዳቤ ማስመጣት ምን ያህል ወራት እንደሚፈጅ ከእርስዎ በፊት የሄዱትን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ነርስ ሆነው ከተመዘገቡ በኋላ በዚያው በኦፕሬሽን ክፍል ለመቀጠል ከፈለጉ ለቀዶ ሕክምና ነርሶች የሚሰጠው «ሲኖር» የሚባል ምስክር ወረቀት አለ፤ እርሱም የጸና የነርስ ፈቃድና ቢያንስ በ2 ዓመት ውስጥ የተሠራ 2,400 ሰዓት የዘርፉን ልምድ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ አንብበው አሁንም ልብዎ ወደ ቴክኖሎጂስትነቱ ካዘነበለ፣ በሚኖሩበት አካባቢ ዕውቅና ያለው ፕሮግራም የሚሰጥ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ይፈልጉ። በቨርጂኒያ የሰርጂካል ቴክኖሎጂስቶችን ጉዳይ የሚመለከተው የግዛቲቱ የሕክምና ቦርድ ስለሆነ ብሔራዊውን ፈተና ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ በቦርዱም ዘንድ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ «በኮምቦልቻ አቅራቢያ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ልጄ 12ኛ ክፍልን ጨርሳለች። አንድ ሰው መጥቶ በኢንተርኔት በስድስት ወር ብቻ የአሜሪካ ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ምስክር ወረቀት እንደሚያሰጣትና ከዚያም ሥራ እንደሚያገናኛት ነገረን። የጠየቀው ገንዘብ ከአቅማችን በላይ በመሆኑ በሬዎቼን ለመሸጥ አስቤያለሁ። ልሽጥ?»

መልስ፦ አባታችን፣ በሬዎችዎን አይሽጡ። ከላይ ለወልዲያዋ እኅታችን እንደገለጽነው የሙያው ትምህርት በአንድ መቶ ሃያ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ በእጅ መሥራትን ይጠይቃል፤ ይህን ደግሞ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ተቀምጦ የሚያሟላ ሰው የለም። ዕውቅና ያላቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኢንተርኔት ይሰጣሉ፤ ተማሪው ግን ለተግባሩ ትምህርት ቤቱ ውል ወደ ገባበት ሆስፒታል በአካል መሄዱ አይቀርም። ሰውየው ለልጅዎ ሊሰጣት የሚችለው ነገር ቢኖር «ኮርስ ጨርሳለች» የሚል ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ለኤንቢኤስቲኤስኤ ፈተና አያስቀምጥም፤ ለቪዛም ሆነ ለሥራ ማመልከቻ የሚያስገኘው ነገር አይኖርም።

ሰውየው እውነተኛ ትምህርት ቤት እወክላለሁ ካለዎት ልጅዎ የትምህርት ቤቱን ሙሉ ስም ተቀብላ በሲኤኤኤችኢፒና በኤቢኤችኢኤስ የዕውቅና ዝርዝር ውስጥ ራሷ ትፈልገው። ሁለቱም ዝርዝሮቻቸውን ለማንም ክፍት አድርገዋል። እርሱ በስልኩ የሚያሳያችሁን ምስል ግን ማስረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱ። የትምህርት ቤቱ ስም ቢገኝ እንኳ ዕውቅናው ለሰርጂካል ቴክኖሎጂ ፕሮግራሙ የተሰጠ መሆኑ ይታይ፤ አንድ ኮሌጅ በሌላ የትምህርት ዘርፍ ዕውቅና ስላለው በዚህም አለው ማለት አይደለም። ልጅዎ የኦፕሬሽን ክፍልን ሥራ በእርግጥ ከወደደችው፣ ውጤቷ በፈቀደላት መጠን በወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነርሲንግ ተምራ መጀመር ትችላለች። ያ ትምህርት እዚሁ አገር እንጀራ ያበላታል፤ ዕድሉ ከቀናትም ወደ ውጭ ይዛው ትሄዳለች።

ጥያቄ፦ «በአቀስታ አካባቢ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ፤ በደረጃ አራት ሠልጥኜ የሲኦሲ ምዘና አልፌ ነው የተቀጠርኩት። የሙያ ፈቃዴን ለማደስ የሲፒዲ ነጥብ ተጠይቄያለሁ። እኛ ጋር ሥልጠና የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል። በተጨማሪም ቀድሞ የወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ማስረጃ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ከሆስፒታሉ ፋይል ጋር ጠፍቶብኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ የእርስዎ ጥያቄ ከአሜሪካው ይልቅ ለአብዛኛው አንባቢያችን የሚቀርብ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን።

በኢትዮጵያ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ወይም ሲፒዲ መመሪያ መሠረት የጤና ባለሙያ በዓመት ቢያንስ 30 የትምህርት ነጥብ እንዲያገኝ ይጠበቃል፤ የሙያ ፈቃድ ዕድሳትም ከዚሁ ጋር ተያይዟል። ነጥብ የሚያስገኘው ሥልጠና የሚሰጠው ዕውቅና በተሰጠው አሠልጣኝ ተቋም ነው፤ እንደዚህ ያለ ዕውቅና ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች፣ የሙያ ማኅበራትና ትላልቅ ሆስፒታሎች ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ መልካም ፈቃድ ያለው ድርጅት ሆስፒታላችሁ ድረስ መጥቶ ያሠለጠናችሁ እንደሆነ፣ ሥልጠናው የቱንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን፣ ዕውቅና ካለው ተቋም ጋር ካልተሠራ በቀር ለዕድሳት ላይቆጠር ይችላል። ወደ አዳራሹ ከመግባትዎ በፊት «ነጥቡ ስንት ነው? ነጥቡን የሚሰጠውስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ባልደረቦች እንዳሉ እናውቃለን፤ አበል መጠየቅ ነውር ካልሆነ ይህም አይሆንም።

የርቀቱን ችግር በተመለከተ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የጤና ሚኒስቴር በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ኮርሶች ናቸው፤ መስመር በሚገኝበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ለሥራ ወደ ደሴ በወረዱ ቀን፣ የሚነበበውን አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል። ሁለተኛውና ለእኛ የበለጠ የሚመስለን ሆስፒታላችሁ ዕውቅና ካለው ተቋም ጋር ተነጋግሮ ሥልጠናው እናንተው ዘንድ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል። ለእያንዳንዱ ነርስ የመጓጓዣና የውሎ አበል ከፍሎ ወደ ከተማ ከመላክ አንድ አሠልጣኝ ወደ አቀስታ ማምጣት የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዚህም በላይ የኦፕሬሽን ክፍል ሥልጠና ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪው፣ ስክራቧና ራነሯ አብረው ሲወስዱት እንጂ አንዷ ሄዳ ስትመለስ ብዙም አይሠራም።

ለምን እንደዚያ እንደምንል በአንድ ጉዳይ እናሳይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ 19 ነጥቦች ያሉት ሲሆን ቡድኑን ሦስት ጊዜ ያስቆማል፤ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቆረጡ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ ችግር የሚገጥማቸው ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። በአገራችንም መጠይቁ ጤና ሚኒስቴር «ሳልትስ» በሚል ስም በጀመረው የደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና መጠይቁን መጠቀም የተለያዩ ናቸው። ነርሷ «ቆጠራው አልሞላም» ስትል ሐኪሙ ስፌቱን ካላቆመ፣ እርሷ ስለ ቆጠራ የወሰደችው ሥልጠና ለታካሚው የፈየደው ነገር የለም። ሁለቱ አብረው የሠለጠኑ እንደሆነ ግን ቃሏ የሥርዓቱ ቃል መሆኑን እርሱም ያውቀዋል።

ስለ ጠፋው ማስረጃ፦ የሠለጠኑበትን ቦታና ጊዜ የሚያስታውሱትን ያህል በጽሑፍ ያስፍሩና ሥልጠናውን ለሰጡት ተቋማት ምትክ ወረቀት እንዲሰጧችሁ ያመልክቱ፤ ዕውቅና ያለው አሠልጣኝ የተሳታፊዎችን መዝገብ ይይዛል። የምረቃ ማስረጃዎን ከኮሌጁ ሬጅስትራር፣ የምዘና ውጤትዎን ከምዘናው አካል፣ ቀድሞ የታደሰውን ፈቃድዎን ቅጂ ደግሞ ፈቃዱን ከሰጠው የጤና ቢሮ ክፍል ማግኘት ይቻላል። ሆስፒታሉ የሠራተኞች ፋይል በጦርነቱ መጥፋቱን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይስጥዎት፤ በወሎ የደሴው ሆስፒታልን ጨምሮ ብዙ የጤና ተቋማት በዚያን ጊዜ ጉዳት የደረሰባቸው በመሆኑ ጥያቄው ለቢሮው አዲስ አይሆንበትም። ከእንግዲህ ግን እያንዳንዱን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለራስዎ ኢሜል ይላኩ፤ ሳጥን ይዘረፋል፣ ፋይልም ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግሁት በሐይቅ ነው፤ አሁን የምኖረው በቴክሳስ ሲሆን ሲኤስቲ ነኝ። እናቴን ለማስታመም ወደ አገር ቤት ሄጄ ስቆይ የምስክር ወረቀቴ ጊዜ አለፈ። የጎደለኝን የትምህርት ነጥብ ቶሎ ሞልቼ ማደስ እችላለሁ? ደግሞስ ቀድሞ አራት ዓመት የነበረው የዕድሳት ጊዜ ለምን ሁለት ሆነ?»

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ነጥብ አሰባስቦ ማደስ አይቻልም፤ ቀድሞ ሲኤስቲ የነበረ ሰው የሚመለሰው ፈተናውን እንደገና በማለፍ ነው። ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ግን አይጠበቅብዎትም። እስከዚያው ድረስ ከስምዎ በኋላ «ሲኤስቲ» ብለው አይጻፉ፤ አሠሪዎ ሳይጠይቅዎት ራስዎ ቀድመው ይንገሩት። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ሆስፒታሎች ምስክር ወረቀት ያላቸውን ሰርጂካል ቴክኖሎጂስቶች እንዲቀጥሩ ስለምታስገድድ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሆስፒታሉም ነው።

ዑደቱ ከ4 ወደ 2 ዓመት ሲያጥር ነጥቡም ከ60 ወደ 30 ወርዷል፤ ስለዚህ በዓመት 15 መሆኑ አልተለወጠም። የተለወጠው ሦስቱን ዓመት ዝም ብሎ በአራተኛው መሯሯጥ የማይቻል መሆኑ ነው፣ ይህም ለታካሚው መልካም ነው እንላለን። ነጥቦቹ ከሙያው ጋር የተያያዙ መሆን አለባቸው፤ ተቀብሎ የሚመዘግባቸውም ኤኤስቲ የተባለው የሙያው ማኅበር ነው። ወደ ሌላ ግዛት ለመዛወር ካሰቡ የዚያን ግዛት ሕግ ለብቻው ያንብቡ፤ ለምሳሌ ኒው ዮርክ በራሷ ሕግ በየዓመቱ 15 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች። ኮሎራዶ ደግሞ ወደ ምዝገባ የገባችው በሌላ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዴንቨር አንዲት የዚህ ሙያ ሠራተኛ የታካሚዎችን የሕመም ማስታገሻ ሰርቃ በተጠቀመችባቸው መርፌዎች ምክንያት ብዙ ሰዎች በሄፓታይተስ ሲ ከተያዙ በኋላ፣ ግዛቲቱ በሙያው የሚሠሩትን ሁሉ ለመመዝገብ ሕግ አወጣች።

ጥያቄ፦ «በደሴ በአንድ ሆስፒታል የማምከኛ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ነርስ አይደለሁም፤ ሥራውን የተማርኩት በልምድ ነው። ለእኔ ሙያ በዓለም ደረጃ የታወቀ ምስክር ወረቀት አለን? ለመሻሻልስ ምን ልማር?»

መልስ፦ አለ። በአሜሪካ «ሲአርሲኤስቲ» የሚባል የማምከኛ ክፍል ቴክኒሻኖች ምስክር ወረቀት አለ፤ የሚሰጠው ኤችኤስፒኤ የተባለው የዘርፉ ማኅበር ነው። ለዚህ ምስክር ወረቀት በማምከኛ ክፍል የተሠራ 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠየቃል፤ ፈተናውን አስቀድሞ ያለፈ ሰው ሰዓቱን በ6 ወር ውስጥ የሚያሟላበት አሠራርም አለ። ዕድሳቱ በየዓመቱ ሲሆን 12 የትምህርት ነጥብ ያስፈልጋል። የወልዲያዋ ነርስ እኅታችንም የነርስ ፈተናዋን እስክታልፍ ድረስ በዚህ ሥራ ብትቀጠር ከኦፕሬሽን ክፍል ሳትርቅ ትቆያለች። እዚህ ደሴ ሆነው ግን ወረቀቱ የደመወዝ ደረጃዎን አይለውጥም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ዕውቀቱን በቅድሚያ እንዲይዙ እንመክራለን።

ከዕውቀቱ ውስጥ ደግሞ ለደሴ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው የከፍታ ነገር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መሣሪያን ቀቅሎ ጸድቷል ማለት በየትኛውም አገር ስሕተት ነው፤ ደሴ ላይ ግን ይብሳል። መሣሪያን በግፊትና በእንፋሎት ለሚያመክነው ማሽን፣ ለኦቶክሌቭም እንዲሁ ነው። በእጅ የሚሠራው ዓይነት ኦቶክሌቭ የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሲሆን፣ የውጭው አየር ግፊት ራሱ በከፍታ ምክንያት ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ለመድረስ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚበቃ ከሆነ፣ በደሴ ከፍታ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። መመሪያው መጽሐፍ 15 ስላለ 15 ላይ ያቆመ ሠራተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ሳለ ሙቀቱን ሳያገኝ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከግፊቱ ይልቅ የሙቀት መለኪያውን ይመኑ፤ ማሽኑ ከፍ ያለውን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ መሆኑንም አስቀድመው ከጥገና ባለሙያው ጋር ያረጋግጡ፤ የደኅንነት ቫልቩን በራስዎ እጅ እንዳይነኩት።

በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቀለሙ የሚለወጥ ፕላስተርም ጥቅሉ በማሽኑ ውስጥ ማለፉን እንጂ መምከኑን አያረጋግጥም። ያን የሚያረጋግጠው ሙቀትን እጅግ የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች ያሉበት የባዮሎጂ ፍተሻ ነው፤ ስፖሮቹ ከሞቱ ሌላውም ሞቷል። ክፍላችሁ ይህን ፍተሻ የማያደርግ ከሆነ ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የእያንዳንዱን ዙር ቀን፣ ሙቀት፣ ግፊትና ደቂቃም በመዝገብ ይያዙ። አንድ ታካሚ ቁስሉ ያመረቀዘ እንደሆነ የዚያ ቀን መሣሪያዎች በየትኛው ዙር እንደመከኑ የሚታወቀው ከዚሁ መዝገብ ነው።